የከተማ አፈ ታሪክም ጸሐፊ ያሻዋል

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ዛሬ የቴዎድሮስ አደባባይ በሚባለው ስፍራ አጠገብ፣ በሃያኛው ምእት ዓመት መባቻ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት ቤት በተከፈተ ጊዜ፣ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» የሚል ነበር።

የዚህን ስያሜ ምክንያት ለመረዳት፣ የዚያ ዘመን ሰው ስለ ሥዕል የነበረውን አስተሳሰብ ማስታወስ ይገባል። ሥዕል ማለት ለእርሱ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ጸንቶ የሚኖር የቅዱሳን መልክ ነበር፤ ጊዮርጊስ ጦሩን በደራጎኑ ላይ እንደ ሰበቀ፣ ሚካኤልም ሰይፉን እንደ መዘዘ፣ አያትም የልጅ ልጅም በዚያው አኳኋን ይሳለሟቸዋል። እንዲህ ላለው ሰው፣ በጨለማ ቤት ውስጥ በነጭ ሸራ ላይ ብርሃን ፈንጥቆ፣ ፈረሱ ሲጋልብ ኮቴው ሳይሰማ፣ ሰውየው ሲናገር ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ሳይወጣ፣ መብራቱም ሲበራ ሁሉ እንዳልነበረ ሲሆን፣ ነገሩ ከርኩስ መንፈስ ሥራ በቀር ምን ሊመስለው ይችል ነበር? ስለዚህ ይህ ወሬ ስለ ሰይጣን የሚያስተምረን ነገር ባይኖርም፣ አዲስ ጥበብ ወደ አገር ሲገባ የሕዝቡ ልቡና እንዴት እንደ ደነገጠ የሚመሰክር ሰነድ ነው፤ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ደግሞ በጉምሩክ መዝገብ ብንፈልገው አናገኘውም።

ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ ከተወራለት በኋላ፣ ተበላሽቶ የቆመበት ሰፈር እስከ ዛሬ ሰባራ ባቡር ይባላል። ብረቱ ከስፍራው ጠፍቷል፤ ትዝታውን ያቆየው የሕዝብ አፍ ብቻ ነው።

ነገር ግን ተራኪው፣ ዘመኑና ስፍራው ያልተመዘገበለት አፈ ታሪክ ውሎ አድሮ የታሪክን ወንበር ይቀማል። እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ የመጀመሪያው ወንጀለኛ በኤሌክትሪክ ወንበር በሞት ከተቀጣ በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክ ይህንኑ ወንበር አስመጥተው፣ በአገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላልነበረ ዙፋን አደረጉት የሚል ወሬ በባሕር ማዶ መጻሕፍት እየተደጋገመ ታትሟል። ለነገሩ የቀረበ አንዳች የታመነ ማስረጃ የለም፤ ሆኖም ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደ ጀመረው ስላልተጻፈ፣ የዓድዋው ድል አድራጊ በብዙ አንባቢ ዘንድ የዚህ ተረት መቀለጃ ሆነው ቀርተዋል።

እንግዲህ አፈ ታሪክን ማቆየት ማለት እውነት ነው ብሎ መመስከር አይደለም፤ እንዲህ ተብሎ ይነገር ነበር ብሎ በታማኝነት መመዝገብ ነው። መዝጋቢው የተራኪውን ዕድሜና ሰፈር፣ የተነገረበትን ቀን፣ ቃሉንም ሳያሳምርና ሳያርም ይጻፍ፤ አንዲት እናት «ሲሉ ሰማሁ እንጂ በዓይኔስ አላየሁም» ካሉ ይህም ንግግራቸው እንዳለ ይግባ፤ በሁለት ሰፈር በሁለት መንገድ የሚነገር ከሆነም ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ አንዱ ለሌላው ሲባል አይጣል።

በ1955 ዓ.ም. በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለጥንቱ ቅርሳችን መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። አገራችንም የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ በ1996 ዓ.ም. በፓሪስ የጸደቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ መስቀልና ጥምቀትም በዚሁ ስምምነት መሠረት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሲሆን፣ የአደባባዩ በዓል ያገኘውን ክብር የመንደሩ ወግ እንዳላገኘ ግን ማንም ይመሰክራል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ በአንድ ግቢ ቡና እየተጠራሩ ይጫወቱ የነበሩ ጎረቤቶች በከተማው ዳርቻ ተበትነዋል፤ ወጉም የሚኖረው አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨመረበት ነበርና፣ ተራኪዎቹ ሲለያዩ እርሱም ይጎድላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሥራ ለሊቃውንት ብቻ አንተወው። በቤትህ አረጋዊ እናት ወይም አባት ቢኖሩህ፣ በልጅነታቸው ስለ ሰፈራቸው ይወራ የነበረውን ዛሬውኑ ጠይቃቸው፤ የሰጡህንም ቃል ከነቀኑና ከነስፍራው ጻፈው፤ ጽፈህም ለልጆችህ አስረክብ።