ሐረር ጀጎልን ያለ አስጎብኚ በእግር ለመዞር ማወቅ ያለባችሁ

«ጀጎልን ብቻዬን መዞር እችላለሁ?» ለምትሉ መልሱ አዎ ነው። ግን አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙ፦ ጀጎል ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። ፎቶ የምታነሱት በር የአንድ ቤተሰብ በር ነው።

📌 ጀጎል ምንድን ነው?
በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተሠራ ግንብ የተከበበው አሮጌው ሐረር ነው። ስፋቱ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ውስጡ ግን 82 መስጊዶችና 102 የዘያራ ቦታዎች አሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ጥንታዊ በሮቹ 5 ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከ5ቱ በኋላ የመጣ ነው።

🚶🏾 መንገዱ

1. ሐረር በር → ፈረስ መጋላ
ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ስለሆነ አትጠፉም። ፈረስ መጋላ የድሮው የፈረስ ገበያ ነው። አደባባዩ ላይ በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ለወደቁት የቆመ ሐውልት አለ። እዚያው አካባቢ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። ሁለቱንም ሳታዩ አትለፉ፣ የከተማዋ ታሪክ አንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነ ቁጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው።

2. መኪና ግርግር
የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ማሰፋት ትችላላችሁ።

3. ራምቦ ቤትና ራስ ተፈሪ ቤት
ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን ሥራው ንግድ ነበር። በስሙ የሚጠራውን ቤት ግን የሠራው የህንድ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ እዚያ ኖሯል ለማለት ማስረጃ የለም። ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ደግሞ የሸሪፍ ሙዚየም አለ፦ የብራና ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች።

4. ጊዲር መጋላ
የድሮው ትልቁ ገበያ ነው። ከዚህ በኋላ ስልካችሁን ኪስ ክተቱትና ጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ግቡ። ብትጠፉም ችግር የለም፤ ቁልቁል ወይ ሽቅብ ስትሄዱ ግንቡን ታገኙታላችሁ። ወይ «ፈረስ መጋላ በየት ነው?» በሉ፣ ሕፃንም ያሳያችኋል።

🏠 ጌይ ጋር (የሐረሪ ቤት)
ውስጡ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረ ስፌትና ሳህን ታያላችሁ። የመደቡ ቀይ ቀለም የጨለንቆ ሰማዕታት ደም መታሰቢያ ነው ይባላል።

አንዳንዱ ቤት እንግዳ ያስገባል፣ ማደሪያም ያከራያል። የድንጋይና የጭቃ ቤት በየጊዜው ጥገና ይፈልጋል። ባለቤቱ ካቃተው በብሎኬትና በቆርቆሮ ይተካዋል፣ ያኔ እናንተ ልታዩት የመጣችሁት ነገር የለም። ስለዚህ ገብታችሁ ካያችሁ ክፈሉ። ውለታ አይደለም፣ ቤቱ የሚቆመው በዚያ ነው።

⚠️ ሳትረሱ
• ክፍት በር ማለት ግቡ ማለት አይደለም። አንኳኩ፣ ሰላም በሉ፣ ጫማ አውልቁ።
• ሰው ከመቅረፃችሁ በፊት ጠይቁ። በተለይ ገበያ ላይ ያሉ እናቶችን። «አይ» ካሉ አይ ነው።
• መስጊድና ዘያራ ቦታ ስትቀርቡ ልብሳችሁ ሸፈን ያለ ይሁን።
• ጠዋት ጀምሩ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ከባድ ነው። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን።
• ታሪኩን ጠለቅ አድርጎ ማወቅ የፈለገ ሰው የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዝ፣ ዋጋውን ቀድሞ ይስማማ።

ማታ የጅብ ምገባውን ማየት ከፈለጋችሁ ከግንቡ ውጭ ነው፤ ለመመለሻ ባጃጅ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሴቭ አድርጉት፣ ሐረር ለሚሄድ ጓደኛም ላኩለት። እናንተ የሄዳችሁ ደግሞ የቀረ ቦታ ካለ ኮሜንት ላይ ጨምሩ 🙏🏾