ዓሣ ያሳደጋት ደሴት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደመወዝም ስለ ከፊልም አይደለም፤ በየቀኑ ስለምናጥበውና ስለምንጠብሰው ዓሣ ነው። ባህሬን፣ ሙሐረቅ ውስጥ ስሠራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የማበስለው ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ እወዳለሁ፤ ካነበብኩትም፣ ከቤቱ አያት ከሰማሁትም ይኼን አሰባስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ባህሬን ከ30 በላይ ደሴቶች ያሏት ትንሽ አገር ናት። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ ለከብት የሚሆን ግጦሽም የለም። በሰሜን በኩል ምንጭ ስለነበር ተምር ይበቅላል፤ ሌላው ከባሕር ነው። እኛ አገር ሥጋ ቢጠፋ ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ባቄላ አለ። የዚህ ደሴት ሰው ግን ዓሣ ባይኖረው ሰውነት የሚገነባውን ምግብ፣ ፕሮቲን የሚሉትን፣ ከየት ያመጣ ነበር? ከ100 ግራም ዓሣ ወደ 20 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይገኛል፣ ከዶሮ አያንስም። ከ100 ግራም የተቀቀለ ሩዝ የሚገኘው ግን 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ተምር ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሥጋ አይሆንም። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ዕድሜውን ሙሉ በተምርና በዓሣ ነው የኖረው ብንል አልተጋነነም።

ይኼ የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ። ከ4000 ዓመት በፊት እዚህ ዲልሙን የሚባል ሥልጣኔ ነበር። ሳር በሚባለው ቦታ (ዛሬም መንደር ነው) የዚያን ዘመን ከተማ ሲቆፍሩ ከየቤቱ እጅግ ብዙ የዓሣ አጥንት ወጥቷል። ያኔም እንደ ዛሬው እናቶች ዓሣ ጠርገው አጥንቱን ደጅ ይጥሉ ነበር ማለት ነው።

አጠማመዳቸው ደግሞ በጣም ነው የገረመኝ። ሐድራ ይሉታል። ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ ደርድረው ረጅም አጥር ያጥራሉ፤ የአጥሩ ጫፍ ጠባብ በረት ውስጥ ያስገባል። ባሕሩ ሲሞላ ዓሣው ወደ ዳር ይመጣል፤ ውሃው ሲሸሽ አጥሩን እየተከተለ ሄዶ በረቱ ውስጥ ይቀራል። ባለቤቱ በእግሩ ገብቶ ይለቅማል። ጀልባ የለ፣ መንጠቆ የለ፤ ባሕሩ ራሱ ነው የሚያጠምድላቸው። ሌላው ገርጉር ነው፤ ድሮ ከዘንባባ፣ አሁን ከሽቦ የሚሠራ ጎጆ መሳይ ቅርጫት። ዓሣው ይገባል፣ መውጫው ይጠፋዋል።

የተረፈውን በፀሐይ ያደርቁታል። ዓሣ ሲደርቅ የሚጠፋው ውሃው ነው፤ ፕሮቲኑ ስለሚቀር ትንሹ ብዙ ያጠግባል። ማህያዋ የሚሉት ሽታው ኃይለኛ የሆነ ማባያም ከትናንሽ ዓሣና ከቅመም ነው የሚብላላው፤ ከደቡብ ኢራን በመጡ ሰዎች በኩል የገባ ነው ይባላል። መጀመሪያ ሲሸታችሁ ትሸሻላችሁ፣ ዳቦ ላይ ስትቀምሱት ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባህሬን ከነዳጅ በፊት የምትኖረው በሉል ነበር። በየበጋው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ወንዶቹ በጀልባ ወጥተው አራት ወር ያህል ባሕር ላይ ይከርማሉ። ጠላቂው ሆዱ ሞልቶ መጥለቅ ስለማይችል ቀን የረባ ነገር አይቀምስም። ማታ ሩዝ፣ ዓሣና ተምር ይበላል። ሙሐመር የሚባለው ጣፋጭ ሩዝ ከተጠበሰ ሳፊ ጋር የሚቀርበው ከዚያ ዘመን ነው፤ ቡናማው ሩዝ ለጉልበት፣ ዓሣው ለሥጋ። አትክልት ስለሌለ ግን ድዳቸው የሚደማ ብዙ ነበሩ። ዓሣ ብቻውን ሁሉን አይሞላም።

እህቶቼ፣ ይቺን ልብ በሉ። ጠላቂው ከመሄዱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ ከናኾዳው (ከጀልባው አለቃ) ይበደራል። ሉሉ ጥሩ ካልሸጠ ዕዳው ለከርሞ ይዞራል፤ ሲሞት ለልጁ ይተላለፋል። ቤተሰቡ የበላው ሩዝ ልጁን ያስራል ማለት ነው። በ1920ዎቹ መንግሥት ሒሳብ በደብተር እንዲያዝና ዕዳ እንዳይወረስ ማሻሻያ አደረገ። ከጠላቂዎቹ መካከል ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የመጡ ነበሩ። ከሐበሻ ምድር ተሸጠው ወደዚህ ባሕረ ሰላጤ የተወሰዱ ወንዶችም ሴቶችም አሉ፤ ሴቶቹ በየሰው ቤት ያገለግሉ ነበር። ባርነት በባህሬን በሕግ የተከለከለው በ1937 ነው። እና እዚህ ማጀት ውስጥ ዓሣ ያጠበች የመጀመሪያዋ ሐበሻ እኔ አይደለሁም። የብዙዎቹን ስም የጻፈላቸው የለም፤ እኛ ግን ዛሬ የራሳችንን እንጽፋለን።

ከዚያ የጃፓን እርባታ ሉል ገበያውን ሰበረው፣ የዓለም ኢኮኖሚም ወደቀ። በ1932 ነዳጅ ተገኘ። ገንዘብ ሲመጣ የውጭ ሥጋና ዶሮ መጣ፤ ዓሣ ብቸኛው ምግብ መሆኑ ቀረ። ባሕሩም ተጎዳ። ለሕንፃና ለቪላ ሲባል ባሕር በአፈር ተሞላ፤ የተሞላው ደግሞ ዓሣ የሚራባበትና ሐድራ የሚተከልበት ዳርቻው ነው። የሽሪምፕ መረብም የባሕሩን ወለል ጠረገው። አሁን ሽሪምፕ በየዓመቱ ለወራት እንዳይጠመድ ይዘጋል። የቤቱ አያት ሳፊ ድሮ የድሃ ምግብ ነበር ትላለች፤ ዛሬ ማዳም ዋጋውን ሰምታ የምትመለስበት ቀን አለ።

ለሥራችሁ የሚሆን አንድ ነገር፦ የሳፊ ክንፍ እሾህ መርዝ አለው። ከመጥረጋችሁ በፊት በመቀስ ቁረጡት። ከወጋችሁ እጃችሁን በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ሕመሙን ያስታግሳል። ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ሐኪም ቤት ነው።

ሌላው ስለ ራሳችን ነው። ዓሣውን ለሌላ ጠብሰን እኛ ሻይና ሩዝ ብቻ ይዘን የምናድር ብዙ ነን። ያ ጠላቂ እንኳ ማታ ማታ ዓሣውን ይበላ ነበር። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰውነት ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ምግባችን ደግሞ ችሮታ ሳይሆን የሥራችን አካል ነው። ትኩሱ ባይደርሰን የሰርዲን ወይ የቱና ቆርቆሮ ያው ዓሣ ነው፣ እንቁላልና ምስርም ያግዛሉ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ።

ኩዌት፣ ኦማን፣ ቤሩት ያላችሁ እህቶቼ፣ እናንተ ጋ ዓሣውን እንዴት ነው የሚሠሩት? ከቤቱ ትልልቅ ሰዎች ስለ ድሮው የሰማችሁትን ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። በሰላም ያገናኘን።