ፕሪፕያት፦ የአቶም ሠራተኞች ከተማ

ፕሪፕያት በሰሜን ዩክሬን፣ ከቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ባዶ ከተማ ናት። በሶቪየት ኅብረት ዘመን፣ በ1970 እ.ኤ.አ.፣ ለማመንጫው ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ተቆረቆረች፤ ስሟንም በአጠገቧ ከሚፈሰው ወንዝ ወሰደች። በ16 ዓመት ውስጥ የነዋሪዎቿ ቁጥር ወደ 49,000 ተጠጋ።

ኤፕሪል 26 ቀን 1986፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ 4ኛው የኑክሌር ማብላያ ፈነዳ። ሲነጋ ግን ለሕዝቡ ስለ ጨረሩ የነገረው አልነበረም፤ ልጆች ትምህርት ቤት ሄዱ፣ ደጅም ተጫወቱ። ከአደጋው ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ይህ ዝምታ ነው። በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከኪየቭ በመጡ ከ1,000 በላይ አውቶቡሶች ሕዝቡን ማውጣት ተጀመረ፤ ሥራው የወሰደው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። መመለሻው ከሦስት ቀን በኋላ ነው ስለተባለ ብዙዎች የያዙት መታወቂያቸውንና ጥቂት ስንቅ ብቻ ነበር።

ማንም ወደ ቤቱ ተመልሶ አልኖረም። የቤት ዕቃው በጨረር ስለተበከለ አብዛኛው ተወግዶ ተቀበረ። ለማመንጫው ሠራተኞች ስላቩቲች የተባለች አዲስ ከተማ ተሠራች። የተቀሩት ማብላያዎች ግን ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የመጨረሻው የተዘጋው በዲሴምበር 2000 ነው።