ቫይረሱ በእጅ ሲገባ

ፈረንጅ የኮምፒውተር ቫይረስን ታሪክ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ኢሜይል ይቀድመዋል። በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ ተነስቶ በጥቂት ቀናት ዓለምን ያዳረሰውን፣ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ የመጣውን «አይ ላቭ ዩ»ን ይጠቅስና «የማታውቀው ሰው የላከልህን አትክፈት» ብሎ ይመክራል። ምክሩ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ኢሜይል ለመክፈት መጀመሪያ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። የእኛ አገር የቫይረስ ታሪክ ዋናው ክፍል ከቁልፍ ጋር ታስሮ፣ ወይም አንገት ላይ ተንጠልጥሎ በሚዞር ፍላሽ የተጻፈ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የጻፍኩት የሚነሱት ነገሮች ግማሾቹ ከውጭ ስለሆኑ ነው። ይቅርታ።)

እንዲያውም ይሄ መንገድ ከኢሜይሉ ይቀድማል። በፒሲ ላይ የመጀመሪያው ቫይረስ የሚባለው «ብሬን» በ1986 ፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ የነበራቸው ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት ነው። የሚተላለፈው በፍሎፒ ዲስክ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። ልጆቹ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ቫይረሱ ውስጥ ጽፈውታል! ፕሮግራማችንን ያለ ፈቃድ የሚገለብጡትን ለመያዝ ነው የሠራነው ይላሉ። ያን ጊዜ ቫይረስ እንዲህ የዋህ ነበር።

አሁን ወደ ኩታበር ልውሰዳችሁ። ከደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከደጋው ወደ ደሴ የሚወርድ መምህር፣ ነጋዴ፣ የወረዳ ሠራተኛ በኪሱ ፍላሽ ይዞ ይወርዳል። ፈተና የሚባዛው፣ ማመልከቻ የሚታተመው፣ ዘፈንና ፊልም የሚጫነው እዚያ ነው። ወደ መካነ ሰላም ዘለቅ ብትሉ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል እንጂ ሥራው ያው ነው። አንድ ፍላሽ በአንድ የደሴ ጉዞ ስንት ኮምፒውተር እንደሚነካ አስቡት። ጽሕፈት ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የዘፈን ሱቁ። ማታ ኩታበር ሲመለስ የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ቫይረስ አይነካውም የሚለው እምነት የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

ለፍላሽ ቫይረስ ትልቁን በር የከፈተው ዊንዶውስ ራሱ ነበር። «አውቶራን» የሚባል አሠራር ነበረው፤ ፍላሹ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል «ስሰካ ይህን ፕሮግራም አስነሳ» ብላ ታዛለች። የታሰበው ለሲዲ ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 (2009) ይህንን ለፍላሽ ዘጋው፤ ለኤክስፒና ለቪስታ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2011 በአፕዴት አዘጋው። ግን አፕዴት በኢንተርኔት ነው የሚመጣው። የተገለበጠ ኤክስፒ የተጫነበት፣ ከመረብ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ኮምፒውተር በሩ እንደተከፈተ ቀረ።

በሩ በተዘጋባቸው ላይ ደግሞ ቫይረሱ ዘዴ ቀየረ። አሁን ራሱ መነሳቱን ትቶ ሰውየው እንዲያስነሳው ያታልለዋል። ሁላችንም «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው ይሄ ነው። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው የራሱን ያስቀምጣል። ሥዕሉ የፎልደር ነው፤ ስሙም ያው ነው። ስትጫኑት ቫይረሱ ይነሳል፤ እንዳትጠረጥሩ ደግሞ እውነተኛውንም ፎልደር ይከፍትላችኋል።

አጎቴ ኩታበር መምህር ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለእረፍት ሄጄ የሴሚስተሩ ሮስተር «ጠፋ» ብለው ቤቱን በአንድ እግሩ አቁመውት አገኘኋቸው። አንድ ባለሙያ «ፎርማት ይደረግ» ብሏቸዋል (የአገራችን ባለሙያ ሌላ መድኃኒት ያውቃል?)።

«ጋሼ፣ አልጠፋም እኮ። ተደብቆ ነው» አልኳቸው።

«የደበቀውስ ማነው?» አሉኝ፣ የቤቱን ልጆች ሁሉ ተራ በተራ እያዩ።

የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ የሚያደርገውን ምርጫ ስከፍትላቸው ሮስተሩ እንዳለ ነበር። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ የጠፋው ያኔ ነበር። በዚህ ዓይነት ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንቱ የሠርግ ፎቶ በቫይረሱ ሳይሆን በመድኃኒቱ እንደጠፋ ቤት ይቁጠረው።

አንቲቫይረስስ? ነበረ እንጂ። ካስፐርስኪ፣ አቫስት፣ አቪራ፤ ብዙውን ጊዜ በክራክ የተጫነ። አንቲቫይረስ የሚያውቀው ዝርዝሩ ውስጥ የገባውን ቫይረስ ነው፤ ዝርዝሩ ካልታደሰ በሩ ላይ ያስቀመጣችሁት ዘበኛ ያለፈውን ዓመት ሌቦች ፎቶ ብቻ ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ለማደስ ደግሞ በዳያል አፕ ዘመን፣ መስመሩ በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራልን እንኳ (መቼ ሠርቶ!) 50 ሜጋ ባይት ለማውረድ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ማደሻው ራሱ ከከተማ በፍላሽ ይመጣል። በዚያው ፍላሽ። ክራኩም ቢሆን ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም ነው፤ እንዲሠራ ደግሞ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል። ሌባ ውሻውን እሰሩልኝ ሲል እሺ እንደማለት።

በኖቬምበር 2008 የተነሳውና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን የያዘው «ኮንፊከር» በመረብም በፍላሽም ይተላለፍ ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የዘጋው ቫይረሱ ከመምጣቱ ከአንድ ወር በፊት፣ በኦክቶበር ነው። መድኃኒቱ ቀድሞ ተሠርቷል፤ ያልደረሰው ሰው ጋ ነው። ደግሞ የኢንተርኔት አለመኖር የድሃ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2010 የታወቀው «ስታክስኔት» ሆን ተብሎ ከኢንተርኔት ተለይቶ ወደሚጠበቀው የኢራን የናታንዝ ኒውክሌር ጣቢያ የገባው በፍላሽ እንደሆነ ይታመናል። አጎቴና የኢራን ሳይንቲስቶች በአንድ በር ተጠቁ ማለት ነው።

እስካሁን ያወራነው ማንን እንደሚይዝ የማይመርጠውን ቫይረስ ነው። ከ2012 ጀምሮ ግን የኢትዮጵያውያን ኮምፒውተሮች ታሪክ ውስጥ ሌላ ነገር ገባ፤ ሰው መርጦ የሚመጣ፣ በገንዘብ የሚሸጥ ሰላይ ፕሮግራም። በማርች 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ «ፊንስፓይ» የተባለውን ፕሮግራም የሚያዝ ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ማግኘቱን አወጣ። ማጥመጃው የግንቦት 7 ሰዎች ፎቶ ነበር። ፎቶ መስሎ የመጣ ፕሮግራም።

ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የምሥጢር ስም የቀረበ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በክሱ መሠረት ኢሜይል ላይ ተያይዞ የመጣ የዎርድ ሰነድ የቤቱን ኮምፒውተር ከኦክቶበር 2012 እስከ ማርች 2013 የሰላይ መሣሪያ አድርጎት ነበር። የስካይፕ ንግግሩ ተቀድቷል፤ ልጁ ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ የፈለገው እንኳ አልቀረም። አስቡት፣ የቤተሰብ ኮምፒውተር ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 2017 ክሱን ሳይቀበለው ቀረ፤ ጥቃቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ። ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ነው የተጠቃው፤ ሕጉ ግን የት እንደተጠቃ ሊወስን ተቸገረ።

በፌብሩዋሪ 2014 ደግሞ የኢሳት ጋዜጠኞች ሰነድ በመሰሉ ፋይሎች መጠቃታቸውን ሲቲዝን ላብ ገለጸ። ፕሮግራሙ ሚላን ያለው «ሃኪንግ ቲም» የሠራው ነበር። በጁላይ 2015 ሰላዩ ድርጅት ራሱ ተሰብሮ የውስጥ ፋይሎቹ ሲበተኑ፣ በወቅቱ ኤጀንሲ ይባል የነበረው ኢንሳ ከደንበኞቹ መካከል ተገኘ። የ2012 ሒሳብ 1 ሚሊዮን ዶላር ይላል። በዲሴምበር 2017 በወጣው ሌላ ዘገባ ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ፕሮግራም በሐሰተኛ የ«አዶቤ ፍላሽ» ማሻሻያ ስም ይላክ እንደነበር ተጻፈ። ይሄኛው ፍላሽ ኪስ የሚገባው አይደለም፤ ግን ፍላሽ ከእኛ ጋር ምን እንዳለው እንጃ።

ልብ በሉ፣ ከኩታበሩ ሾርትከት እስከ ሚሊዮን ዶላሩ ሰላይ ዘዴው አንድ ነው። አንዱ ፎልደር፣ አንዱ ፎቶ፣ አንዱ ሰነድ ለብሶ ይመጣል። ዊንዶውስ ደግሞ ልማዱ ሆኖ የፋይሉን የስም መጨረሻ ይደብቃል። ያንን እንዲታይ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ በነፃ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ፎቶ ነኝ ያለው ፋይል መጨረሻው «ኤግዜ» ከሆነ ፎቶ አይደለም። ዎርድ ሰነድም «ማክሮ ፍቀዱልኝ» ካለ ፍቃድ አያሻውም፤ ደውሎ ላኪውን መጠየቅ ይሻላል። ሰላዩ የተሻለ መሣሪያ ካለው ይሄ ሁልጊዜ አያስጥልም። ብዙውን ግን ያስጥላል።

ይህንን ዓይነት ነገር መማር ራሱ ግን በዚህች አገር የክስ ወረቀት ላይ ወጥቷል። በኤፕሪል 2014 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በፀረ ሽብር አዋጁ ሲከሰሱ፣ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለውን የኮምፒውተርና የመረጃ ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ከተጠቀሰባቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ይህ መመሪያ ማንም በነፃ የሚያነበው፣ ስለ አንቲቫይረስ፣ ስለ ይለፍ ቃልና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስተምር ነው። በኦክቶበር 2015 ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ አስቀድመው ክሳቸው የተቋረጠም ነበሩ። ከአንድ ዓመት በላይ እስር ካለፈ በኋላ። አዋጁም በ2020 በሌላ ተተክቷል። እኔ ግን እስካሁን የሚገርመኝ፣ የአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰላይ ማስገባት ወጪ ተደርጎበት ሳለ፣ ሰላይ እንዳይገባ መማር ወንጀል ሊሆን መቃረቡ ነው።

በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቀር ፍላሽ እንደገና ነገሠ። ፋይል በእጅ ይዞራል፣ አፕዴት አይመጣም፣ አንቲቫይረሱ ያረጀ ፎቶ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል፤ አሮጌ ዴስክቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። አጎቴ አሁን ሁለት ፍላሽ አላቸው። አንዱ ደሴ ይወርዳል። ሌላው፣ የሮስተሩና የፎቶው ቅጂ ያለበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተር የሚነካው በሴሚስተር አንዴ ነው።