አረንጓዴ

ድሮ ቀለም ብቻ ነበር። ዛሬ «አረንጓዴ ምርት» ሲባል ጥያቄው ዕቃው ምን ይመስላል ሳይሆን እንዴት ተመረተ ነው፤ ቀይ ሸሚዝም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባ ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ የፋብሪካው ፍሳሽ ሐይቁ ውስጥ ሳይገባ ተጣርቶ ተመልሶ እንዲሠራበት።

ቡናስ? የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ፣ ትግበራው ቢዘገይም፣ ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። ማሳው የት እንደሆነ በካርታ ነጥብ ይጠየቃል። ጫካውን ጠብቆ ከጥላው ሥር ቡና ሲለቅም የኖረ የከፋ ገበሬ አሁን «ማስረጃ አምጣ» ሊባል ነው።

እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። ፈረንጅ ያልተቆላውን ቡና «አረንጓዴ» ይለዋል፤ እኛ «ጥሬ»። አብዛኛውን የምንልከውም ጥሬውን ነው።