የድሮ ጨዋታና የዘመኑ ጥገና

እ.ኤ.አ. በ1978 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተሰኘውን የቪዲዮ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። በጨዋታው 55 የጠፈር ወራሪዎች በአምስት ረድፍ ተሰልፈው ቀስ በቀስ ወደ ተጫዋቹ ይወርዳሉ። ቁጥራቸው በተመናመነ መጠን ፍጥነታቸው እየጨመረ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ብቻውን ሲቀር እንደ ጥይት ይከንፋል። ይህ አስጨናቂ ፍጥነት አስቀድሞ ታቅዶ የተሠራ አልነበረም። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ ወራሪ በላይ ማንቀሳቀስ ስለማይችል፣ ሰልፈኞቹ ሲያንሱ ተራው ለቀሩት ቶሎ ቶሎ ይደርሳቸው ነበር። የጨዋታው ደራሲ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይህን ከማረም ይልቅ እንዳለ ተወው፤ የማሽኑ ድክመትም የጨዋታው ነፍስ ሆነ።

የማሽን ድክመት ሁልጊዜ እንዲህ ያለ በረከት አላመጣም። በዲሴምበር 1990 ኮናሚ «ግራዲየስ 3» የተሰኘውን የጠፈር ውጊያ ጨዋታ፣ በጃፓን ለገበያ ከቀረበ ገና አንድ ወር ለሆነው የኒንቴንዶ ሱፐር ፋሚኮም አዘጋጅቶ አወጣ። የማሽኑ ፕሮሰሰር ቢበዛ በ3.58 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፣ የጨዋታው ካርትሪጅ ዝግተኛ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ወደ 2.68 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። የጠላት መርከቦችና ጥይቶች ስክሪኑን በሞሉ ቁጥር ስሌቱ በጊዜው ስለማይጠናቀቅ፣ ጨዋታው በሙሉ እንደ ሕልም ሩጫ ይንቀረፈፋል።

ከ28 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ አንድ ብራዚላዊ የፕሮግራም ባለሙያ ይህን ችግር የሚያስወግድ «ሞድ» አወጣ። ሞድ ማለት ተጫዋቾችና ባለሙያዎች በተጠናቀቀ ጨዋታ ላይ በገዛ ፈቃዳቸው የሚያደርጉት ማሻሻያ ነው። መፍትሔው የተገኘው ከዚያው ከኒንቴንዶ ጓዳ ነበር። ኩባንያው በ1990ዎቹ በአንዳንድ ካርትሪጆች ውስጥ ያስገባው የነበረው ኤስኤ-1 የተባለ ረዳት ፕሮሰሰር 10.74 ሜጋኸርዝ ፍጥነት ነበረው። ባለሙያው የጨዋታውን ስሌት ወደዚህ ፈጣን ረዳት አዛወረው። ጠላቶቹም ደረጃዎቹም የቀድሞዎቹ ናቸው፤ መንቀርፈፉ ግን ጠፋ።

ይሁን እንጂ ከመንቀርፈፉ ጋር አብሮ የሄደ ነገር አለ። ዝግታው ለተጫዋቹ ጥይት የሚያመልጥበት ፋታ ይሰጠው ነበር። ፋታው ሲነሣ ጨዋታው ከበደ። ስለዚህ ጠጋኙ የሚያነሣው እንቅፋት የቱ ጋ እንደሚያበቃ፣ የሥራው ጠባይስ ከየት እንደሚጀምር መለየት ቀላል አይደለም።

ይህን ጥያቄ በሰፊው ለማየት ከ«ዱም» የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የአሜሪካው አይዲ ሶፍትዌር ይህን ጨዋታ ያወጣው በዲሴምበር 1993 ነው። ተጫዋቾች የኩባንያውን የቀድሞ ጨዋታ «ቮልፍንስታይን 3ዲ»ን ይለዋውጡ እንደነበር የተገነዘበው ጆን ካርማክ፣ የ«ዱም»ን ሥዕሎች፣ ድምፆችና ካርታዎች «ዋድ» በተባለ ፋይል ከፕሮግራሙ ለይቶ አስቀመጣቸው። በዲሴምበር 1997 ደግሞ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በ1999 ማንም ሊያሻሽለውና ሊያሠራጨው በሚያስችል ነፃ ፈቃድ ሥር ገባ።

ከዚያ በኋላ ጥገናው ፈጠነ። የመጀመሪያው ፕሮግራም በሴኮንድ ከ35 ምስል በላይ አያሳይም ነበር፤ በአንድ እይታ ውስጥ ከ128 በላይ የወለልና የጣሪያ ገጾች ቢገጥሙት ደግሞ ሥራውን አቋርጦ ይዘጋል። በ1998 የወጣው «ቡም» የተሰኘው ማሻሻያ ይህን የ128 ገደብ አነሣ። ተከታዮቹም ምስሉን ይበልጥ ጥርት ያለና እንቅስቃሴውን የለሰለሰ አደረጉት።

ከጠጋኞቹ መካከል ግን በተቃራኒው የተጓዙ አሉ። «ቾኮሌት ዱም» የተባለው ፕሮግራም ዓላማ ጨዋታውን በዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ልክ እንደ 1993ቱ ማስኬድ ነው። የ35 ምስል ገደቡና የቀድሞው ፕሮግራም ስሕተቶች ሳይቀሩ ሆን ተብለው ተጠብቀዋል። ምክንያቱም በዚያ ዘመን ተጫዋቾች ቀርጸው ያስቀመጧቸው ጨዋታዎች በትክክል ተደግመው የሚታዩት፣ ፕሮግራሙ ከነስሕተቱ የቀድሞውን ሲመስል ብቻ ነው።

ሁለቱ መንገዶች ተቀናቃኝ ቢመስሉም አንዱ ሌላውን አያጠፋም። የ«ዱም» ጠጋኞች ፕሮግራሙን ሲለውጡ የዋድ ፋይሉ ሳይነካ ይቀራል። የ«ግራዲየስ 3» ማሻሻያም የሚሠራጨው ልዩነቱን ብቻ በያዘ ትንሽ ፋይል ነው፤ ተጫዋቹ በራሱ ቅጂ ላይ ያክለዋል፣ ሲሻም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ጨዋታውን ከሠራው ማሽን ጋር አብሮ ከመቀበር ያዳነው ይህ ልማድ ነው። ፈጣኑን የሚሻ ፈጣኑን ያገኛል፤ የ1990ው ተጫዋች ምን እንዳየ ማወቅ የሚፈልግም የቀድሞውን ከነመንቀርፈፉ ያገኘዋል።