የእንጦጦ ቤተ መንግሥት፦ ገበያ ያልጸናባት መዲና

በጭቃ ተመርጎ በኖራ የነጣው ይህ ግድግዳ የጦር ሰፈር እንጂ የገበያ ከተማ ግድግዳ አይደለም። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከየካ በላይ የሚዘልቀውን የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት የመረጡት ለመከላከል ስለሚመች ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ የሚመጣውን ጠላት ከሩቅ ያሳያል፤ እህል ለጫነች አህያ ግን ዳገቱ ጭንቅ ነው። ብርዱና ነፋሱ ሳይቆጠር፣ ደኑ እየተመነጠረ ማገዶውም ከዕለት ወደ ዕለት እየራቀ ሄደ።

ከተማዋን ወደ ታች ያወረዳት የእቴጌ ጣይቱ የፍልውሃ ፍቅር ብቻ ነው የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ፍልውሃው ድርሻ እንደነበረው አይካድም። ይሁንና ፍልውሃ መኳንንትን ያስወርድ እንደሆነ እንጂ ነጋዴን አያሰነብትም፤ ነጋዴውን ያሰነበተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የደራው የአራዳ ገበያ ነው። የመዲናነት ክብሩስ? እሱ ቶሎ አልወረደም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ ዙሪያውን የሚያዩት ባሕር ዛፍ ግን በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ዘግይቶ የመጣ ነው። ለእንጦጦ አልደረሰላትም፤ ከማገዶ እጦት ያተረፈው አዲስ አበባን ነው።